አርባ ከረሜላ ለአርባ ደቂቃ

ሴትዮዋን በሥራ ቦታዋ «አርባ ደቂቃ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት አንድ ሰው አይደለም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስልክ እያነሳች የምትሰጠው መልስ ራሱ ነው ያወጣላት። መሃል ከተማ፣ በመድኃኒት ቤቱና በጫማ ቤቱ መካከል በተሰነቀረችው የአየር መንገድ ትኬት ቢሮ ውስጥ የመረጃ ስልክ ላይ የተቀመጠችው እሷ ናት። ይህቺ ደሴት ያላት አንድ ከተማ ነው፤ ማዶ ያለችውም ደሴት እንደዚሁ። ስለዚህ የሚደውል ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ያንኑ ነገር ነው። እዚያ ድረስ ምን ያህል ይርቃል? በአውሮፕላንስ ስንት ይፈጃል? እሷም እስክሪብቶዋን ከእጇ ሳታስቀምጥ፣ «መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር፣ አርባ ደቂቃ» ትላለች። ጠረጴዛዋ ላይ ካለው መስታወት ሥር ይህንኑ የሚል ወረቀት አለ። ወረቀቱ ከዕድሜ ብዛት ቢጫ ሆኗል፤ እሷ ግን ጎንበስ ብላ ካየችው ብዙ ዘመን ሆኗታል።

አንድ ጊዜ ብቻ አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ደውለው ተሟግተዋታል። መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር በአርባ ደቂቃ ከሆነ አውሮፕላናችሁ ከጥሩ መኪና ብዙም አይሻልም፣ አንዱ ቁጥር ስህተት ነው ብለው ድርቅ አሉ። እሷ ለጥቆማቸው አመስግና ስልኩን ዘጋች። ከዚያም ለትኬት ቆራጯ፣ ሰው ጡረታ ሲወጣ እንዴት ሥራ ያጣል መሰለሽ አለቻት።

ጉዱ ግን ወዲህ ነው። ይህቺ መንገዱን እንደ ውኃ የምትጠጣው ሴት አውሮፕላን ላይ ወጥታ አታውቅም። መሥሪያ ቤቱ ለየሠራተኛው በዓመት አንድ ነፃ ትኬት ይሰጣል። የእሷ በየዓመቱ መሳቢያዋ ውስጥ ተኝቶ ጊዜው ያልፍበታል። የፍርሃቷ ምክንያት ምን እንደሆነ ብትጠየቅ ተረት የሚሆን ነገር የላትም፤ ከልጅነት የመጣ ድንጋጤ፣ ያየችው አደጋ፣ ምንም የለም። ብቻ ያን የሚያክል ብረት ባሕር ላይ ተንጠልጥሎ መሄዱ አልዋጥላት ብሎ ቀረ።

ማዶ ደሴት ላይ ታላቅ እህት አለቻት። ልብስ ሰፊ ናት። በአሥራ ሦስት ዓመት ስለምትበልጣት አዝላ፣ አጉርሳ፣ ፊደል አስቆጥራ ያሳደገቻት እሷ ናት። ባሏን ተከትላ ማዶ ከተሻገረች ወዲህ በዓመት ሦስቴ በመርከብ እየተመላለሰች ትጠይቃት ነበር። መርከቡ አሥራ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ታናሺቱም ሁለት ጊዜ በመርከቡ ሞክራው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ አንጀቷ እስኪገለበጥ አስመልሷት፣ እንግዳ ሆና ሄዳ በሽተኛ ሆና ሰንብታለች። ከዚያ በኋላ መምጣቱ የታላቅየዋ ድርሻ ሆኖ ቀረ። ታላቅየዋም አንድ ቀን እንኳን ቅር ብሏት አያውቅም። ጎረቤቶቿ እህትሽ ለምን አትመጣም ሲሏት፣ ትፈራለች፣ ደግሞስ አርባ ደቂቃ አየር ላይ መንጠልጠል ቀላል ነገር መሰላችሁ እያለች ትሟገትላት ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ግን የታላቅየዋን ሁለት ዓይኖች ሞራ ሸፈናቸው። መርፌዋ ላይ ክር የሚሰካላት ጎረቤት ሆነ፤ ብቻዋን መርከብ መሳፈሯም ቀረ። እህትማማቾቹ ከዚያ ወዲህ የሚገናኙት በስልክ ብቻ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት የመረጃው ስልክ ጮኸና «አርባ ደቂቃ» እንደ ልማዷ አነሳችው።

«ርቀቱን አልጠይቅሽም፣ አውቀዋለሁ» አለች ታላቅ እህቷ እየሳቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓይን ክሊኒክ ወረፋ ይዛ የነበረች አንዲት ሴት ቀርታ ተራው ለእሷ ደርሷል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንዱን ዓይን ይሠሩላታል፤ ነገ ልክ አምስት ሰዓት ላይ መሸፈኛውን ያነሱላታል። ሌላኛው ዓይን ለሌላ ጊዜ ነው። ይህን ሁሉ የገበያ ወሬ እንደምታወራ ሰው ረጋ ብላ ነገረቻት።

«መጀመሪያ የማየው ፊት ያንቺ ቢሆን ደስ ይለኛል» አለች ቀጥላ። «ካልሆነልሽም ግድ የለም። ሐኪሙም መልከ መልካም ነው ይላሉ።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እህቷ ነይ ብላት አታውቅም። አሁንም ነይ አላለችም፤ ግን ከዚህ በላይ እንዴት ይባላል? «አርባ ደቂቃ» ስልኩን እንዳስቀመጠች መልሳ አነሳችው። ወዲያው የመርከብ ድርጅቱ ቢሮ ደወለች። እዚያም እንደሷ ያለች አንዲት ሴት፣ እንደሷ ባለ ድምፅ፣ ጉዞው አሥራ አንድ ሰዓት መሆኑን፣ ነገር ግን መርከቡ ሆዱን ቀለም ሊቀባ ወደብ ላይ መቆሙንና እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እንደማይንቀሳቀስ ነገረቻት። ለመረጃው አመስግና ዘጋች። እንግዲህ የቀረው አንዱ መንገድ ነው።

ነፃ ትኬቷን ከመሳቢያ አውጥታ ትኬት ቆራጯ ፊት አስቀመጠችው። ትኬት ቆራጯ ለማን እንደምትጽፈው ጠየቀቻት። ለእኔ አለቻት። ጸሐፊዋ መተየቧን አቆመች፤ ሥራ አስኪያጁም ከክፍላቸው ብቅ ብለው የሆነ ነገር የተፈጠረ መስሏቸው ግራ ቀኙን ቃኙ።

ማታ ከሥራ ስትወጣ ከመድኃኒት ቤቱ አጠገብ ካለው ሱቅ ገብታ አርባ ከረሜላ ቆጥሮ እንዲሰጣት ባለሱቁን ጠየቀችው። አንድ ኪሎ ይሻላል ቢላት አሻፈረኝ አለች። ሐሳቧ ቀላል ነበር። አርባ ደቂቃን በአንድ ጊዜ መቻል ለእሷ አይሞከርም፤ አንድ ደቂቃን ግን ማንም ይችላል። አውሮፕላኑ መሬት ከለቀቀ ጀምሮ በየደቂቃው አንድ ከረሜላ አፏ ትጨምራለች፤ ከረጢቱ ባዶ ሲሆን ማዶ ደርሳለች ማለት ነው። የምታምነው ነገር ቢኖር ያን ቁጥር ነው።

በነጋታው በረራው ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ነበር። ስሌቷ ሁሉ ያማረ ነው፤ አራት ተኩል ላይ ትወርዳለች፣ ክሊኒኩ በታክሲ አሥር ደቂቃ ነው፣ ጊዜ ተርፏት ፊቷን ታጥባ ፀጉሯንም ታስተካክላለች። አዲሱን ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከረጢቷን እቅፏ ላይ አድርጋ መጠበቂያው አዳራሽ ውስጥ ተቀመጠች። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሲሆን በር ላይ ያለችው ሠራተኛ መጥታ በረራው ትንሽ እንደሚዘገይ በትሕትና ነገረቻቸው።

«ትንሽ» የምትለዋን ቃል ለሠራተኞች ያስተማረችው «አርባ ደቂቃ» ራሷ ነበረች። ስንት ደቂቃ ብላ ብትጠይቅ ምን እንደምትባል ታውቃለች፤ ስለዚህ አልጠየቀችም። ለሺህ ሰው የነገረችውን ነገር ተቀምጣ ስትሰማው ግን የመጀመሪያዋ ነውና አንጀቷ አረረ። ለካ ሰው ስልክ ላይ የሚጮኽባት ወዶ አይደለም።

በሩ የተዘጋው አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ከዚያ አውሮፕላኑ መሬት ላይ እየተንፏቀቀ አንዴ ቆመ፣ አንዴ ዞረ፣ እንደገና ቆመ። ጎኗ የተቀመጠው የመኪና ጎማ ነጋዴ ገና ሳይነሱ ማንኮራፋት ጀመረ። አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ሲሆን ሞተሩ ጮኸ፣ ወንበሩ ከጀርባዋ ገፋት፣ መሬቱም ከሥራቸው ሄደ። «አርባ ደቂቃ» የነጋዴውን እጅጌ ጨምድዳ ይዛ የመጀመሪያውን ከረሜላ አፏ ውስጥ ጣለች።

ሰዓቷን አየች። ከዚህ ተነስቶ አርባ ደቂቃ ማለት አምስት ሰዓት ከአምስት ነው። ታክሲው አሥር ደቂቃ፣ ደረጃው፣ መተላለፊያው ሲጨመር፣ እህቷ ዓይኗን ስትገልጥ የምታየው መልከ መልካሙን ሐኪም ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቃ በመጨረሻ ወጥታ፣ በሩብ ሰዓት ሊያመልጣት ነው። ይህ ሐዘን ፍርሃቱን ገፋ ስላደረገው ሦስተኛው ከረሜላ ላይ በመስኮቱ ለማየት ደፈረች። ባሕሩ ሰማያዊ ነበር፣ ፀጥ ያለም ነበር። ብረቱም አልወደቀም።

አንድ ያላሰበችው ነገር ቢኖር ከረሜላ በአንድ ደቂቃ የማይሟሟ መሆኑን ነው። ለእሷ ደግሞ ሕግ ከተባለ ሕግ ነው፤ ደቂቃው በሞላ ቁጥር አዲሱ ይገባል። ስምንተኛው ላይ ግራ ጉንጯ አበጠ፣ አሥራ ሁለተኛው ላይ ቀኙም ተከተለ። አሥራ ሰባተኛውን እየቆረጣጠመች አሥራ ስምንተኛውን ስትልጥ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ዝቅ አለ።

መጀመሪያ ራሷን ተጠራጠረች። ከዚያ ጆሮዋ ተደፈነ፣ የሞተሩም ድምፅ ቀነሰ። በመስኮቱ ስታይ ባሕሩ ቅድም ከነበረበት ቀርቧል። ሰዓቷን አየች፣ የቀሩትን ከረሜላዎች ቆጠረች፤ ሃያ ሁለት ናቸው። ቆሌዋ ተገፈፈ። ይህን መንገድ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ መሃል ላይ ባሕር እንጂ ምንም የለም፤ አውሮፕላኑ ደግሞ ሃያ ሁለት ደቂቃ ቀድሞ እየወረደ ነው። ሌላው መንገደኛ ጋዜጣውን ያነባል። እሱ ምን ያውቃል?

ደወሉን ተጫነች። ወጣቷ አስተናጋጅ መጥታ ጎንበስ ስትል «አርባ ደቂቃ» አፏ ሞልቶ ቃል አልወጣት አለ። የቻለችውን ውጣ፣ ያልቻለችውን መሐረቧ ላይ ተፍታ፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ልጄ፣ እኔ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ነኝ፣ ከእኔ አትደብቂ። ገና ሃያ ሁለት ደቂቃ ይቀረናል። እዚህ ባሕር እንጂ መሬት የለም። የት ነው የምናርፈው?»

አስተናጋጇ ግራ ገብቷት ትንሽ አየቻትና ፊቷ በራ።

«የመረጃዋ እትዬ ነዎት እንዴ? እናቴኮ እኔ በበረርኩ ቁጥር ለእርስዎ ነው የምትደውለው።»

ሰላምታው መልካም ነበር፣ ግን ጊዜው አልነበረም። ከኋላ ያለ መንገደኛ መሬት የለም የሚለውን ሰምቶ ለጎኑ ሰው ነገረው፤ ያኛውም ለሚስቱ። ጎማ ነጋዴው ከእንቅልፉ ባንኖ የመንሳፈፊያ ጃኬት ፍለጋ ወንበሩ ሥር በእጁ መዳበስ ጀመረ። አስተናጋጇ ሁሉንም በፈገግታ አረጋግታ ወደ ፊት ሮጠች። ትንሽ ቆይቶ የካፒቴኑ ድምፅ ከድምፅ ማጉያው ተሰማ።

«ክቡራን መንገደኞቻችን፣ አንዲት የሥራ ባልደረባችን ሰዓት ቆጥረው ጥያቄ አቅርበዋል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። አርባ ደቂቃ የምንለው እዚያ በሩ ከተዘጋ ጀምሮ እዚህ በሩ እስኪከፈት ድረስ ያለውን ነው፤ መሬት ላይ መንፏቀቁንም ይጨምራል። አየር ላይ የምንቆየው ሃያ ስድስት ደቂቃ ብቻ ነው። አሥራ ስምንቱ አልፏል። ከፊታችን የሚታየው የምንሄድበት ከተማ ነው።»

አውሮፕላኑ በሙሉ ሳቀ። «አርባ ደቂቃ» መቀመጫዋ ውስጥ ብትሰምጥ ደስ ባላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት! የሚበሩት ሰዎች ሁሉ ታውቃለች ብለው ዝም አሏት፤ ቀድማችሁ አደረሳችሁኝ ብሎ ስልክ የሚደውል ሰው ደግሞ አልተፈጠረም። የነገሯት እኚያ የሒሳብ አስተማሪ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውንም በምስጋና ዘግታባቸዋለች። ፊቷ እንደ እሳት ነደደ። ጎማ ነጋዴው ግን አልሳቀባትም። ልቤ ልትቆም ነበር አላትና ከከረጢቷ አንድ ከረሜላ ለመናት። ከረጢቱን እንዳለ ሰጠችው።

ከዚያ ድንገት የሒሳቡ ሌላ ጎን ታያት። ሃያ ስድስት ደቂቃ ከሆነ አራት ሰዓት ከሃምሳ አንድ ላይ መሬት ይነካሉ። ሊሆን ይችላል፣ ለጥቂት ልትደርስ ትችላለች! ይህን ስታስብ ሐፍረቱ ከላይዋ ላይ እንደ ነጠላ ተንሸራቶ ወረደ፤ ደስታው ግን ብቻውን አልመጣም። ሃያ ስድስት ደቂቃ ፀጉር ለመተኮስ እንኳን አይበቃም። ለዚህች ለማትረባ ጊዜ ብላ ነው እህቷን እያረጀች፣ ዓይኗ እየደከመ በመርከብ ያመላለሰቻት። በመስኮቱ እያየች አለቀሰች፤ ማልቀሷንም አልደበቀችም። መሬት ሲነኩም መፍራት ትዝ አላላትም።

በሩ አራት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ላይ ተከፈተ። አስተናጋጇ ቀድማ አስወረደቻት፤ እሷም ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ እግሬ አውጪኝ አለች። ባለታክሲው አሥር ደቂቃ ነው ሲላት፣ ከየት ጀምረህ ነው የምትቆጥረው ብላ አፋጠጠችው። ሰውየው ይህን የመሰለ ጥያቄ ተጠይቆ ስለማያውቅ መኪናውን አስነስቶ ነዳ።

ክሊኒኩ ደረጃ ላይ ስትደርስ አምስት ሰዓት ከስምንት ደቂቃ ነበር። አለቀ ብላ ነው የወጣችው። መተላለፊያው ላይ አንዲት ነርስ አይታት እህቷ እርስዎ ነዎት ወይ አለቻትና፣ ስትመልስላት ተመስገን ብላ እጇን ይዛ ጎተተቻት። መሸፈኛው ተነስቷል፤ ታማሚዋ ግን እህቴ ሳትመጣ ዓይኔን አልገልጥም ብላ ችክ ብላለች። ሐኪሙ ለምነው ለምነው ሲያቅታቸው፣ ሴትዮዋ ሲፈቅዱ ጥሩኝ ብለው ሌላ ሰው ጋ ሄደዋል።

ታላቅ እህቷ መስኮት አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሁለቱንም ዓይኖቿን ጨፍና ተቀምጣለች።

«መጣሽ?»

«መጣሁ፣ እታለም።»

«በምን?»

«በአውሮፕላን።»

«አርባ ደቂቃውን ቻልሽው?»

መዋሸት ይቻል ነበር። እህቷ ለጎረቤት ሁሉ ስትከራከርላት የኖረችው በዚያ አርባ ደቂቃ ነው። «ሃያ ስድስት ነው» አለቻት። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ሳሳስት ነው የኖርኩት። አንቺንም ጭምር። ይቅር በይኝ።»

የታላቅየዋ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሳቅ ነበር። ነርሷ ዓይንዎ ይጎዳል ብትላትም ሳቁ እስኪወጣላት ሳቀች። ከዚያ የተሠራውን ዓይኗን ቀስ አድርጋ ገለጠች።

ታናሺቱ በስልክ አንድም ሽበት የለኝም እያለች ስትዋሻት ስለኖረች አርጅተሻል የሚለውን ቃል እየጠበቀች ነበር። ታላቅየዋ ግን እጇን ዘርግታ አገጯን ያዘችና ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ጥሩ ጨርቅ እንደምትመርጥ ሰው ከላይ እስከ ታች ተመለከተችው።

«እማዬን መስለሻል» አለች።

እናታቸው የሞቱት ታናሺቱ ጥርስ ሳታወጣ ነው። ፎቶግራፍም አልቀረላቸውም። ታናሺቱ ልጅ ሳለች እማዬ ምን ትመስል ነበር እያለች እህቷን ትጨቀጭቃት ነበር፤ ታላቅየዋ ግን ቆንጆ ነበረች ከማለት ሌላ ቃል አታገኝም ነበር።

«የቷ ጋ?» አለች ታናሺቱ።

«ዓይንሽ ሥር። ይሄ አገጭሽ። ደግሞ ስትደነግጪ አፍሽ እንደዚህ የሚከፈተው። ልጅ ሆነሽ አልነበረም፣ አሁን ነው የመጣው። ሂጂ እዪዋ።»

ከእጅ መታጠቢያው በላይ ትንሽ መስታወት ተሰቅሎ ነበር። ሄዳ ፊቱ ቆመች። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ያጠበችውን ፊት እህቷ እንደነገረቻት መጀመሪያ ከዓይኑ ሥር፣ ከዚያ አገጩን፣ ከዚያም ክፍት የሆነውን አፍ አንድ በአንድ አየች። ከኋላዋ ታላቅ እህቷ ወንበሯን ትታ መጥታ በትከሻዋ በኩል አብራት ትመለከት ነበር። ነርሷ የጠብታውን ጠርሙስ እንደያዘች ቆማለች፤ ሁለቱም ሲያለቅሱ አይታ የተሠራ ዓይን ማልቀስ የለበትም ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው።